ከሆስፒስ መውጣት፣ ድርጅት መቀየር ወይስ መቆየት? ከመፈረም በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ሆስፒስ፣ ማለትም ዕድሜው እያለቀ ላለ ሕመምተኛ ከማዳን ይልቅ ሕመሙን የሚያስታግስ እንክብካቤ፣ የገባ ሰው ሁሉ እዚያው አያርፍም። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ሽፋን) እየከፈለላቸው የሆስፒስ አገልግሎት ሲያገኙ ከቆዩ ሰዎች መካከል ከስድስቱ አንዱ ያህል የሚወጣው በሕይወት እያለ ነው። አንዳንዱ ተሽሎት ነው። አንዳንዱ በእኩለ ሌሊት አምቡላንስ ተጠርቶለት ሆስፒታል ስለገባ ነው። ሌላው ወደ ሌላ ስቴት ልጁ ዘንድ ተዛውሮ፣ ሌላው በድርጅቱ ተማሮ፣ ሌላው ደግሞ «ከእንግዲህ መስፈርቱን አያሟሉም» ተብሎ ነው።

ከውጭ ሲታይ ሁሉም ያው መውጣት ነው። በሜዲኬር ደንብ ግን በራስ ፊርማ ማቋረጥ፣ ወደ ሌላ ድርጅት መዛወርና በድርጅቱ ውሳኔ መሰናበት የተለያዩ ናቸው። ይግባኝ የሚባልበት አለ፣ የማይባልበት አለ። ሽፋኑን የሚያቋርጥ አለ፣ የማያቋርጥም አለ። ከእነዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው አራተኛ ምርጫ አለ፤ እዚያው ሆኖ የእንክብካቤውን ደረጃ ማስቀየር።

አቋሜን አልደብቅም። በፊርማቸው ከሚያቋርጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ መውጣትን ፈልገው አይመስለኝም። የፈለጉት ሕመሙ እንዲታገስ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዲኖር፣ ወይም አስታማሚው ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ እንዲያገኝ ነው። ይህ ደግሞ ሳይወጡም የሚገኝ ነገር ነው።

በቅድሚያ የስድስት ወሩ ነገር

«ስድስት ወር ሲሞላው ያስወጡታል» የሚል ወሬ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ልክ አይደለም። ሜዲኬር የሚከፍለው ሐኪሞች «በሽታው በተለመደው አካሄዱ ከሄደ ሕመምተኛው የሚቆየው 6 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው» ብለው ሲያረጋግጡ ነው። ይህ ግምት ነው፣ የጊዜ ገደብ አይደለም። ሽፋኑ በዙር ይታደሳል፤ መጀመሪያ 90 ቀን፣ ቀጥሎ ሌላ 90 ቀን፣ ከዚያ በኋላ መስፈርቱ እስከተሟላ ድረስ ያለ ገደብ በየ60 ቀኑ። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ በእያንዳንዱ እድሳት የሆስፒሱ ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር (ከፍ ያለ ሥልጠና ያለው ነርስ) ሕመምተኛውን ራሱን አይቶ መመርመር አለበት። ይህ ደንብ ከ2011 ጀምሮ የሚሠራ ነው።

ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለማየት የካርተርን ቤት ማየት ይበቃል። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሆስፒስ የገቡት በፌብሩዋሪ 2023 ሲሆን ያረፉት በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ነው፤ ወደ 22 ወር ገደማ። ባለቤታቸው ሮዛሊን ግን በኖቬምበር 2023 ሆስፒስ መግባታቸው በተነገረ በሁለት ቀን ውስጥ አረፉ። ከሜዲኬር ሕመምተኞች ግማሾቹ በሆስፒስ የሚቆዩት ከ18 ቀን ገደማ አይበልጥም። የሚበዛው ችግር እንግዲህ ቶሎ መባረር ሳይሆን ዘግይቶ መግባት ነው።

መቆየት፣ ግን ደረጃውን ማስቀየር

አብዛኛው ቤተሰብ የሚያውቀው አንዱን የሆስፒስ ዓይነት ብቻ ነው፤ ነርሷ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች፣ ረዳቷ ገላ ታጥባለች፣ መድኃኒቱ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቀሪውን ሰዓት ልጆች ይይዙታል። ይህ የተለመደው የቤት ደረጃ ነው። ሜዲኬር ግን ሌሎች ሦስት ደረጃዎችም አሉት።

አንደኛው የቀውስ ጊዜ ነው፤ ሕመሙ ሲጠና ባለሙያ፣ በዋናነትም ነርስ፣ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው በቤት ሊቻል ላልቻለ ሕመም ሆስፒታል ወይም የሆስፒስ ማዕከል ውስጥ ተኝቶ መታከም ነው፤ ወጪው የሚሸፈነው በሆስፒሱ በኩል ነው። ሦስተኛው ለአስታማሚው የሚሰጥ እረፍት ነው። ሕመምተኛው በአንድ ጊዜ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ወደ ተቋም ይገባል፣ ቤተሰቡ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 5 በመቶ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን የእረፍት መብት ስንቱ ቤተሰብ ሳይሰማው እንደሚያልፍ ሳስብ እበሳጫለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያስበው ከሆስፒስ የሚወጣበትን ሌሊት እንይ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ነው። እናት ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፣ የደረታቸው ድምፅ ሳሎን ድረስ ይሰማል። የሆስፒሱ ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ነርሷ ሰጥታ የሄደችው ሞርፊን ከነጠብታ መለኪያው እዚያው ሣጥን ውስጥ አለ። ልጅ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ የምትደውለው ወደ ድንገተኛ ጥሪው 911 ነው። ማንም አይፈርድባትም፤ እናቷ ናት። ነገር ግን አምቡላንሱ ሲመጣ ከዚያ የሚከተለው ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ የሚከተለው ወረቀት ነው።

ከዚያ በፊት ሆስፒሱን ደውሎ አንድ ነገር በግልጽ መጠየቅ ይቻላል፦ «የትንፋሽ ችግሩ እቤት ልንቋቋመው አልቻልንም፤ ነርስ አሁን ትምጣልን፣ ካልሆነም ተኝታ የምትታከምበት ደረጃ ይሰጣት።» ሆስፒስ የነርስ አገልግሎት 24 ሰዓት የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ቢብስባት ደውሉ» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ካለ የደወላችሁበትን ሰዓትና የመለሰላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ቀጥሎ ላለው ምርጫ ይጠቅማችኋል።

ድርጅቱን መቀየር

ቅሬታው በሆስፒስ ሳይሆን በዚህ ሆስፒስ ከሆነ መልሱ ማዛወር ነው። በእያንዳንዱ የሽፋን ዙር አንድ ጊዜ ድርጅት መቀየር ይፈቀዳል። ይህ ማቋረጥ ስላልሆነ ዙሩ እንዳለ ይቀጥላል፣ የሚጠፋ ቀን የለም። የሚያስፈልገው የቀድሞውን ድርጅት ስም፣ የአዲሱን ስምና ቅያሪው የሚጀምርበትን ቀን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ነው፤ ለሁለቱም ድርጅቶች ይሰጣል።

የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አሮጌውን አቋርጦ አዲስ መፈለግ ሳይሆን፣ አዲሱ «እንቀበላለን፣ በዚህ ቀን ነርስ ትመጣለች» ካለ በኋላ አሮጌውን ማሳወቅ ነው። ወደ ሌላ ስቴት ለሚሄድ ሰውም እንዲሁ። ከድርጅቱ የአገልግሎት ክልል ውጭ ከሄዱ በኋላ ማስታወቅ ማለት አልጋውና ኦክስጅኑ በሌለበት ቤት መድረስ ማለት ነው።

በራስ ፊርማ ማቋረጥ

በሕይወት ከሚወጡበት ሁለት ትልልቅ መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ሌላው «አሁን ለሞት የተቃረቡ አይደሉም» ተብሎ መሰናበት ነው።

ማቋረጥ የሕመምተኛው መብት ነው፣ መናገር ካልቻለ ደግሞ የሕጋዊ ወኪሉ። ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅበትም። ጽሑፉ መፈረምና ማቋረጡ የሚጸናበትን ቀን መያዝ አለበት፤ ያ ቀን ከተፈረመበት ቀን ወደ ኋላ ሊሆን አይችልም። በቃል «በቃን» ማለት ማቋረጥ አይሆንም። ዋናው ግን ይህ ነው፦ መብቱ የሕመምተኛው ብቻ ስለሆነ ድርጅቱ በእሱ ፈንታ ሊያቋርጥም፣ እንዲያቋርጥ ሊገፋፋም አይገባውም።

በተግባር ግን ግፊቱ ይመጣል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ አባት ገና ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ እያለ፣ ከሆስፒሱ የሚደውል ሰው «ሆስፒታል ስለገቡ ማቋረጫውን ብትፈርሙልን» ይላል። ድምፁ ትሁት ነው፣ ነገሩም የተለመደ ሥርዓት ይመስላል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ «ካልፈረምን ምን ይሆናል?» በሉ። መልሱ በሦስት ይከፈላል። ሆስፒታሉን ያመቻቸው ሆስፒሱ ራሱ ከሆነ ወይም ተኝቶ የመታከም ደረጃ ከሰጠ፣ ክፍያው የሱ ጉዳይ ነው። ሆስፒታል ያስገባው ሕመም ከዋናው በሽታ ጋር የማይገናኝ ከሆነ መደበኛው ሜዲኬር ይከፍላል። ለዋናው በሽታ ሆኖ ሆስፒሱ ሳያመቻች የተገባ ከሆነ ግን ሒሳቡ ለቤተሰቡ ሊመጣ ይችላል። መፈረም ትርጉም የሚኖረው በዚህ በሦስተኛው ነው። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ «ደረጃውን ቀይራችሁ እናንተ ያዙት» ማለት ይቀድማል።

የትኛው መድኃኒትና ሕክምና ከዋናው በሽታ ጋር «አይገናኝም» እንደሚባል ቀድሞ ማወቅም ይቻላል። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሕመምተኛ ከጠየቀ ሆስፒሱ የማይሸፍናቸውን ነገሮች ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት አለበት። በገቡበት ቀን የሚጠየቅ ወረቀት ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ መጠየቅ ዘግይቷል።

ማቋረጥ ትክክለኛ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ እንደገና መታከም ከፈለገ፣ አዲስ የካንሰር መድኃኒት ከተገኘለት፣ ወይም ሆስፒሱ የማይከፍለውን ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ከመረጠ፣ ያቋርጥ። ይህ ተስፋ መቁረጥም አይደለም፣ ሆስፒስን መክዳትም አይደለም። ሁለቱን ማስኬድ የሚችሉም አሉ። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ያላቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከ2010 ሕግ ወዲህ በሽታውን የሚዋጋ ሕክምናና ሆስፒስን አብረው ማግኘት ይችላሉ። በቬተራንስ ጤና ሥርዓት ውስጥ ያሉ የቀድሞ ወታደሮችም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች «አንዱን ምረጡ» ከተባሉ ይከራከሩ።

ጥርጣሬ ያለኝ በገንዘብ ምክንያት በሚደረገው ማቋረጥ ነው። ሆስፒስ የነርሲንግ ሆም ኪራይና ምግብ አይከፍልም። ሜዲኬር ግን ከ3 ቀን የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ማገገሚያ ለሚገባ ሰው እስከ 100 ቀን ይሸፍናል፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ፣ ከ21ኛው ጀምሮ ሕመምተኛው በየቀኑ የሚከፍለው ድርሻ አለ፣ በ2025 209.50 ዶላር ነበር። ለአንድ በሽታ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መውሰድ ስለማይቻል ቤተሰቡ ሆስፒሱን ያቋርጥና ወደ ማገገሚያው ይሄዳል። ስሌቱ ይገባኛል፤ ለብዙ ቤተሰብ ኪራዩ የማይቻል ነው። ግን የማገገሚያው ሽፋን በየቀኑ የባለሙያ ነርስ ወይም ቴራፒ ያስፈልገዋል ለተባለ ሰው ነው። ከአልጋ ቀና ማለት ለተሳነው ሰው ከ100 ቀኑ ብዙ ቀደም ብሎ ሊቆም ይችላል። እስከዚያው ድረስ ሕመም ማስታገሱን ዋና ሥራዬ የሚል ባለሙያ አጠገቡ ላይኖር ይችላል። ለኪራዩ መጀመሪያ ሜዲኬይድን ጠይቁ፤ የሆስፒሱ ሶሻል ወርከር ማመልከቻውን ማገዝ ሥራዋ ነው።

ማቋረጥ የሚያስከፍለው ምንድን ነው? የዚያ ዙር ቀሪ ቀናት ይቃጠላሉ። ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ የከፋ አይደለም፤ መስፈርቱን እስካሟሉ በሚቀጥለው ዙር መመለስ ይቻላል። የሚጎዳው በተዘዋዋሪ ነው፤ ዙሮቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቁ በየ60 ቀኑ የሚደረገው ምርመራ ቀድሞ ይመጣል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ ፕላን በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር) ያላቸው ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ በወሩ አጋማሽ ቢያቋርጡ እስከ ወሩ መጨረሻ የሚከፍለው መደበኛው ሜዲኬር ነው፤ ፕላኑ ሙሉ ኃላፊነቱን የሚረከበው ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቀን ነው። ክሊኒክ ስትሄዱ ሁለቱንም ካርድ ያዙ። ይግባኝ ግን የለም፤ ውሳኔው የራሳችሁ ስለሆነ የሚቃወሙት ሰው የለም።

ወረቀቱን የሚያስረዳ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት የልጅ ልጅ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይተርጉም።

ድርጅቱ ሲያሰናብት

ሆስፒስ ሕመምተኛን ሊያሰናብት የሚችልባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ከአገልግሎት ክልሉ ሲወጣ ወይም ሲዛወር፣ ከእንግዲህ ለሞት የተቃረበ አይደለም ሲባል፣ በቤቱ ያለ ሰው ባህርይ እንክብካቤውን ክፉኛ ሲያሰናክል። ሦስተኛው ጥቂት ነው። ድርጅቱ አስቀድሞ ማሳወቅና ችግሩን ለመፍታት ከልብ መሞከሩን በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ብዙ አገልግሎት ጠየቃችሁ ተብሎ ማባረር አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚገጥመው ሁለተኛው ነው፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ባለበት ቤት። ካንሰር ብዙውን ጊዜ አወራረዱ ይታወቃል። የመርሳት በሽታ ግን ወርዶ ይቆማል፣ ለወራት እዚያው ይቆያል፣ ደግሞ ይወርዳል። ለእሱ የሚጠየቀው መስፈርት ሰውየው ያለ እርዳታ መራመድ አለመቻሉን፣ የሚሰማ ንግግሩ ወደ ስድስት ቃል ገደማ መውረዱን፣ ከዚያም ላይ እንደ የሳንባ ምች፣ የከፋ የአልጋ ቁስል ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ክብደት መቀነስ ያለ ነገር መኖሩን ይመለከታል። በጥሩ እንክብካቤ ቁስሉ ይድናል፣ ክብደቱ ይቆማል። ከዚያ ነርሷ መዝገቧ ላይ «ለውጥ የለም» ትላለች። እንክብካቤው ስለሠራ እንክብካቤው ይነሳል። ግራ የሚያጋባ ነው፣ ግን ደንቡ እንዲህ ነው።

በእኛ ቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ነርሷ ገብታ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ስትል፣ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። እናትም እንግዳ ሲመጣ ሻሻቸውን አስተካክለው ፈገግ ይላሉ። ነርሷ ያንን ትጽፋለች። ምስጋናውን አትተዉ፤ ግን ቀጥላችሁ ትናንት ስንት ጉርሻ እንደዋጡ፣ በሳምንቱ ስንት ጊዜ እንደታነቁ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ልብሳቸው ምን ያህል እንደሰፋቸው ተናገሩ። እድሳቱን የሚወስነው ይህ ነው።

ማሰናበቻው ሲመጣ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት የሽፋን ማብቂያ ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሰጣችኋል። መፈረሙ «ደርሶኛል» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። ካልተስማማችሁ ወረቀቱ ላይ ያለውን የገለልተኛ ገምጋሚ ድርጅት ስልክ፣ አገልግሎቱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባለው ቀን ከእኩለ ቀን በፊት ደውሉ። ክፍያ የለውም። በስልኩ ላይ የምትናገሩት ከላይ ያልኩትን ነው፤ ጉርሻ፣ ክብደት፣ መታነቅ፣ መውደቅ። የማቋረጫ ፊርማ ነገ ሊፈረም ይችላል፤ ይህ ስልክ ግን ሰዓቱ ካለፈ ፈጣን ይግባኙ ያልፋል።

ማሰናበቱን መጠርጠር አለብን? አንዳንዴ አዎ። ሜዲኬር ለአንድ ሆስፒስ በዓመት የሚከፍለው በሕመምተኛ ብዛት የተሰላ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ያለፈውን ድርጅቱ ይመልሳል። ኮንግረስን የሚያማክረው የሜዲኬር ክፍያ ኮሚሽን ባወጣቸው ሪፖርቶች፣ ጣሪያውን ያለፉ ድርጅቶች ሰዎችን በሕይወት የሚያሰናብቱበት መጠን ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል መጀመሪያውኑ ሆስፒስ መግባት ያልነበረበትን ሰው «ነፃ ነርስ፣ ነፃ ዳይፐር» እያሉ የሚያስፈርሙ አሉ። መንግሥት በ2023 በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳና በቴክሳስ በአዳዲስ ሆስፒሶች ላይ ቁጥጥር ያጠበቀውም ለዚህ ነው። ሳያውቁ ተመዝግበው መደበኛ ሕክምናቸው የተከለከለ ካለ 1-800-633-4227 ሜዲኬርን ይደውሉ።

መሰናበቱ ትክክል የሆነበትም ጊዜ አለ። ቀልደኛው ጋዜጠኛ አርት ቡክዋልድ በ2006 ዲያሊሲስ አልፈልግም ብሎ ዋሽንግተን ውስጥ ሆስፒስ ገባ። ጥቂት ሳምንት ይቀረዋል ተብሎ ሲጠበቅ ኩላሊቱ መሥራት ጀመረ፤ ወጥቶ በጋውን ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አሳለፈ፣ ያረፈውም በጃንዋሪ 2007 ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም።

ከወጡ በኋላ ምን ይተካዋል?

ምንም ሙሉ በሙሉ አይተካውም። የማስታገሻ ሕክምና ክሊኒክ ሕመሙን በደንብ ይይዛል፣ በሽታውን የሚዋጋ ሕክምናም አብሮ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሌሊት ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ ብዙውን ጊዜ የለውም፣ ከሕመምተኛው የሚከፈል 20 በመቶ ድርሻም አለው። በሜዲኬር የሚከፈለው የቤት ለቤት ነርስ ደግሞ ከቤት መውጣት ለሚቸግረውና የባለሙያ እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ነው፤ ጉብኝቱ የተቆጠረ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል ሕመም ላለበት ሰው ክሊኒኩን፣ ቁስል ላለበት ሰው የቤት ነርሷን አስቀድማለሁ። ሁለቱን አብሮ መያዝም ይቻላል።

ከመውጫው ቀን በፊት ማለቅ ያለባቸው ሥራዎች ተራ ይመስላሉ። አልጋው፣ የኦክስጅን ማሽኑና ተሽከርካሪ ወንበሩ የሆስፒሱ ናቸው፣ መኪና ይመጣና ይወስዳቸዋል፤ ምትክ እንዲታዘዝ የቤተሰብ ሐኪሙን ቀድማችሁ ደውሉ። ሞርፊንና ሌሎቹ ጠንካራ ማስታገሻዎች ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በማን ፊርማ እንደሚታዘዙ ስሙን ይዛችሁ እወቁ፤ በሆስፒስ እስከ 5 ዶላር የነበረው መድኃኒት አሁን በመድኃኒት ፕላናችሁ ዋጋ ይሆናል። የመሰናበቻ ዕቅድ ማውጣት የድርጅቱ ግዴታ ስለሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ሕመምተኛው ከሆስፒስ ውጭ ካረፈ፣ ሆስፒሱ ለቤተሰብ እስከ አንድ ዓመት የሚሰጠው የሐዘን ድጋፍም ግዴታ መሆኑ ይቀራል።

መመለስ የፈለገ ሰው ወደ ቀድሞው ድርጅት እንዲመለስ አይገደድም። ማንኛውም በሜዲኬር የጸደቀ ሆስፒስ አዲስ የሐኪም ማረጋገጫ ይዞ ሊቀበለው ይችላል። በስልክ ስትጠይቁ ያለፈውን ዙር መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ንገሯቸው፤ የመጀመሪያውን ጉብኝት ያፋጥነዋል።